ከመጠምጠም በፊት

ኤማ ይሏታል ስሟን፣ የኦስትራቫን ጉብታ፤
በረዶ ቢያርፍባትም አያድርም አንድ ማታ።
አያቶች የከሰል ግርዱን ሲቆልሉ፣
እሳቱን ሆዷ ውስጥ ረስተውት ነው አሉ።

በዚያች ጉብታ ሥር፣ ከሙያ ትምህርት ቤት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ቧንቧ አስተማርኩበት።
ኦታካር እባላለሁ። የምድጃ ሰው ነኝ።
ብረት ሲበየድ ነው ሌሊት የሚታየኝ።
የከሰል ማሞቂያ፣ ጭስ ማውጫ፣ መክፈቻ
እጄ ያውቀዋል፤ ዓይኔ ለምስክር ብቻ።

ሺህ መቶ ተማሪ በእጄ አልፏል ቢባል፣
እያንዳንዱ ወጥቶ ስንት ቤት ተክሏል?
አልቆጠርኩም ነበር።
ቬንዱላ ቆጠረች።

ከኋላ ወንበር ላይ፣ በደብተሯ ጠርዝ፣
አባዝታ፣ ደምራ፣ ቀና ብላ ጠየቀች፦
«ጭሱስ ወዴት ሄደ፣ መምህር?»
እኔም እንደ ልማዴ «ወደ ላይ!» አልኳት።
ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በመስከረም ወር ላይ አዲስ መጽሐፍ መጣ፣
የከሰል ምዕራፉ እንደ ጥርስ ወጣ።
በቦታው የሙቀት ፓምፕ፣ የግድግዳ ልባስ፣
በግራም የሚመዘን ዓይን የማያየው ጋዝ።
በሃምሳ ስምንቴ እስከ ብርኖ ድረስ
ሄድኩኝ ሦስት ሳምንት ደብተሬን ላድስ።
አሠልጣኙ ማን ነው? የድሮ ተማሪዬ።
እጄን ነካ አድርጎ፦ «እንዲህ ነው፣ ጌታዬ።»

መማር ይቅደም ቢሉ ከመጠምጠም በፊት፣
እኔ ጠምጥሜ ነው የገባሁ ትምህርት ቤት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ቧንቧ በጨርቅ ስጠመጥም
ሙቀት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ አላየሁም።

ኅዳር ላይ ራዲም ቫልቩን ሳያጠብቅ ለቀቀው።
«ሽ» አለ፣ አንዲት ትንፋሽ። ማን አየው?
ድሮ ቢሆን «አየር ነው፣ ይሂድ» ባልኩ።
ሚዛኑ ግን አርባ ግራም ጎደለ።
መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን ጻፍኩ፤
ከራዲም ስም በላይ የራሴን ፈረምኩ።
የድሮው ጭስ ጥቁር ነው፣ የተሰጣ ልብስ ያስነውራል፤
ይሄኛው መልክ የለውም፣ ግን እሱም ይቆጠራል።

የማጠቃለያው ፈተና፦
አንድ አሮጌ ቤት ምረጡ፣
ከሰሉን አስወጡ፣ ለክረምት አብቁት።
ቬንዱላ የመረጠችው የኔን ቤት ነው።

ዝም አልኩ።
ያንን ምድጃ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር የበየድኩት፣
የመመረቂያ ሥራዬ፤
በሩ ላይ ስሜን በመሮ የቀረፅኩበት፣
ሚሎስላቫ፣ ባለቤቴ፣ በየጥሩ ስታስል
«ጉንፋን ነው» እያልኩ የኖርኩበት።

ሰባት ሆነው መጡ። ብረቱ እንደ በሬ ከበደ፣
ደረጃው ላይ ቆመ፣ ተንገዳግዶ ወረደ።
የራሴን ስም የያዘች ትንሿን በር ብቻ
ነቅዬ አስቀረሁ፣ ለመጽሐፌ መደርደሪያ መደገፊያ።
ጣራው ሥር በሆዳቸው እየዳሁ የእንጨት ጭረት ነሰነሱ፤
ሲወጡ ቅንድባቸው ሳይቀር ሽበት መስሎ ነበር ጭሱ…
ጭስ አልኩ? አቧራው ነው። ምላሴም ገና አልተማረም።

ቬንዱላ ቧንቧውን ጠመጠመች፣ እንደ አራስ ልጅ፣
«መምህር፣ ይቺን ጫፍ ያዙልኝ» አለች፣ ስትዘረጋ እጅ።
ያዝኩ።
ኋላ ደግሞ፣ መሣሪያዋን ስትሰበስብ፦
«ኤሌክትሪኩስ ከየት ነው የሚመጣው?»
ይሄንንም አላውቅም ነበር። «እናጣራለን» አልኳት።

በነጋታው በረዶ ጣለ።
ወጥቼ ጣራዬን አየሁ፤
ድሮ ጭስ ማውጫው ዙሪያ ራሰ በራ ይሆን የነበረው
ከዳር እስከ ዳር ነጭ ለብሶ አድሯል።
ማዶ ኤማ ብቻዋን አናቷ ራቁቱን ይጨሳል።
ጓዳ ውስጥ ሚሎስላቫ ታንጎራጉራለች፤
ሳል ሳያቋርጣት።

ለቬንዱላ ከሃያ አሥራ ስምንት ሰጠሁ።
ሁለቱን የቀነስኩት አንድ ማሰሪያ ስለላላ ነው።
ቅዳሜ ትመጣለች፣ ልታጠብቀው።